ጥያቄሽ ይጥበብ፣ ጥንቃቄሽ ይስፋ

ለእህቴ ልጅ፤

የላክሽልኝን ፕሮፖዛል ደጋግሜ አነበብሁት። ዳባት ተወልዳ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ስለ ኤምአርኤንኤ ስትጽፍ ማየት፣ ባዮሎጂን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ አስተምሮ ጡረታ ለወጣ አጎት ትልቅ ደስታ ነው። የጠየቅሽኝ ግን ምክር እንጂ ሙገሳ አይደለምና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ርእስሽ በሰሜን ጎንደር ያሉትን የጠላና የጠጅ እርሾዎች ሁሉ፣ የኤምአርኤንኤ ዝግጅታቸውን ሁሉ፣ ሙቀትም ብርድም ረሀብም ሲገጥማቸው የሚያደርጉትን ሁሉ አጠናለሁ ይላል። ይህ የአንዲት ተማሪ ሥራ ሳይሆን የአንድ ተቋም የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ሁለት ዓመትና የተቆጠረ ኬሚካል ይዘሽ ከገባሽበት መሀል መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ። የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄሽ ይጥበብ፣ ጥንቃቄሽ ይስፋ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ይህንኑ ለማብራራት ነው።

በመጀመሪያ የምታጠኚውን ነገር ለእናትሽ ሳትደናቀፊ ማስረዳት ቻዪ። እኔ ብሆን እንዲህ እላታለሁ። ዲኤንኤ መዝገብ ቤት ውስጥ የተቆለፈበት ዋና ፋይል ነው፤ ከክፍሉ አይወጣም። ጉዳይ ሲኖር ግልባጭ ይወጣለታል፤ ግልባጩ ኤምአርኤንኤ ነው። ግልባጩ ግን እንደተጻፈ አይላክም። ራስጌው ላይ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከመሀሉ ተቀባዩን የማይመለከተው አንቀጽ ይወጣለታል፤ ግርጌው ላይ ተቀጥላ ይታከልበታል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ከኒውክለስ ወጥቶ ፕሮቲን ወደሚሠራው ራይቦሶም የሚሄደው።

ለእናትሽ ይህ ይበቃል። አንቺ ግን ነገሩን በየስሙ ልትጠሪው ይገባል። ራስጌው ላይ የሚያርፈው ሰባት-ሜቲል ጓኖሲን የሚባል የኬሚካል ቆብ ነው። የሚወጣው ክፍል ኢንትሮን፣ የሚቀረው ኤክሶን፣ ቆርጦ የሚቀጥለው ግዙፍ መሣሪያ ስፕላይሶሶም ይባላል። ግርጌው ላይ የሚታከለው የአዴኒን ሰንሰለት በእርሾ ከ70 እስከ 90 ፊደል ገደማ ይረዝማል፤ በሰው ሴል እስከ 200 ከዚያም በላይ ይደርሳል። አቆራረጡ በአንዲት ፊደል ከተዛነፈ ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል። ቤታ ታላሴሚያ የተባለው የደም በሽታ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የአቆራረጥ ስሕተት ነው።

ይህን ለማጥናት እርሾን መምረጥሽ ትክክል ነው። ሳካሮማይሲስ ሰረቪሴ ምቹ ምግብና 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘች በ90 ደቂቃ ገደማ ትራባለች፤ ሰው አታሳምምም፤ ብዙ ወጪም አትጠይቅም። ሙሉ የዘር ጽሑፏ እ.ኤ.አ. በ1996 ተነብቦ አልቋል፦ 16 ክሮሞሶም፣ 12 ሚሊዮን ገደማ የፊደል ጥንድ፣ 6,000 ገደማ ጂን። በሰው ዘንድ አብዛኛው ጂን ብዙ ኢንትሮን አለው፤ በእሷ ግን ኢንትሮን ያላቸው ጂኖች 300 እንኳ አይሞሉም። ጥቂት ናቸው ብለሽ እንዳትንቂያቸው። የራይቦሶም ፕሮቲን የሚሠሩት ጂኖች አብዛኞቹ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው፤ እነሱም ቀንና ሌት ስለሚገለበጡ ሴሏ ከምታወጣው ኤምአርኤንኤ ከሩብ በላይ የሚሆነው በስፕላይሶሶም በኩል ያልፋል።

ጠባብ ጥያቄ የት እንደሚያደርስ ከዚሁ ከእርሾ ታሪክ ላስታውስሽ። በ1960ዎቹ ማብቂያ ሊላንድ ሃርትዌል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የእርሾን ጂኖች በኬሚካል እየለወጠ በ23 ዲግሪ የሚያድጉ፣ 36 ዲግሪ ላይ ግን የሚቆሙ ዘሮችን ሰበሰበ። የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር፦ ሲሞቃቸው በመጀመሪያ የሚቆምባቸው ሥራ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ1970 እሱና ባልደረቦቹ ሲበላሹ የራይቦሶምን መሠራት የሚያስቆሙ አሥር ጂኖችን አሳተሙ። ለምን እንደሚያስቆሙ ያን ጊዜ ሊታወቅ አይችልም ነበር፤ ኢንትሮን የሚባል ነገር ገና አልተገኘማ! በ1977 ሪቻርድ ሮበርትስና ፊሊፕ ሻርፕ በየፊናቸው በአዴኖቫይረስ ላይ ሲሠሩ ጂን የተቆራረጠ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። በ1981 ደግሞ ማይክል ሮስባሽና ባልደረቦቹ እነዚያኑ የሃርትዌል ዘሮች እንደገና አሙቀው ቢመረምሩ ያልተቆረጠ ኤምአርኤንኤ ተከማችቶ አገኙ። ምስጢሩ ተፈታ፦ የተበላሹት ጂኖች የስፕላይሲንግ፣ ማለትም የዚያ ቆርጦ የመቀጠል ሥራ፣ ሠራተኞች ናቸው፤ ራይቦሶም የጠፋው የራይቦሶም ፕሮቲን ኤምአርኤንኤ ኢንትሮኑ ሳይወጣለት ስለቀረ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንቺን የሚመለከትሽ ኖቤሉ አይደለም፤ ሃርትዌል በ2001፣ ሮስባሽም በ2017 የተሸለሙት በሌላ ሥራቸው ነው። አንቺን የሚመለከትሽ ከ1970 እስከ 1981 ያለው ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዘሮቹ ስም ተሰጥቷቸው፣ የሚቆሙበት ሙቀት ተጽፎላቸው፣ ሌላ ሰው ጠይቆ እንዲያገኛቸው ሆነው ተቀምጠዋል። መለያው በተፋቀ ቱቦ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ሮስባሽ ምን ያሞቅ ነበር? ዛሬ ያልገባሽን ውጤት ሌላው እንዲያገኘው አድርገሽ አስቀምጪው።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ ልምጣ። «ሁሉ» የሚለውን ቃል ከፕሮፖዛሉ አውጪና አንድ ጂን ያዢ። አክቲን ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ በእርሾ አንድ ኢንትሮን ብቻ አለው፤ ርዝመቱም 300 ፊደል ገደማ ስለሆነ የተቆረጠውና ያልተቆረጠው በተራ ጄል ላይ ተለይተው ይታያሉ። ሁለት ዘር ያዢ፤ አንዱ ዓለም የሚያውቀው የላብራቶሪ ዘር፣ ሌላው ከደባርቅ ጠላ ለይተሽ ያወጣሽው። ሁለት ሙቀት ያዢ፤ 30 ዲግሪና 15 ዲግሪ። ጥያቄሽም ይህ ይሁን፦ የደጋው እርሾ ሲበርደው ኢንትሮኑን ከላብራቶሪው እርሾ እኩል ይቆርጣል ወይ? ብርድን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990ዎቹ የክሪስቲን ገትሪ ላብራቶሪ ብርድ የማይችሉ የእርሾ ዘሮችን ፈልጎ ከስፕላይሶሶም ዋና ሠራተኞች አንዳንዶቹን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። የሰሜን ተራራ ልጅ ብርድን ብትጠይቅ ማንም «ከየት አመጣሽው» አይላትም።

ጥያቄው ከጠበበ በኋላ ጥንቃቄው የሚሰፋበትን ቦታ ላሳይሽ። አር ኤን ኤውን በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ወደ ዲኤንኤ ገልብጠሽ በፒሲአር ታበዢዋለሽ። ጄሉ ላይ አጭሩ መስመር የተቆረጠው፣ ረጅሙ ያልተቆረጠው ነው ትያለሽ። ቆይ! የእርሾዋ የራሷ ዲኤንኤም ኢንትሮኑን እንደያዘ ነው። ከአር ኤን ኤሽ ጋር ትንሽ ዲኤንኤ ሾልኮ ከገባ ልክ እንዳልተቆረጠ ኤምአርኤንኤ ሆኖ በዚያው ርዝመት ይታያል። «ብርድ ስፕላይሲንግን አዘገየው» ብለሽ የጻፍሽው ነገር በደንብ ያልጸዳ ናሙና ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን ሁሉ በዲኤንኤዝ አጽጂ፤ ከእያንዳንዱም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ያልገባበት አንድ ቱቦ ጎን ለጎን አስኪጂ። ያ ቱቦ ባዶ ከሆነ ረጅሙን መስመር እመኚው፤ ባዶ ካልሆነ አትመኚው። ኮንትሮል የምንለው ይህ ቱቦ የሚቆመው ከአንቺ በተቃራኒ ነው፤ አንቺ ግን ካለሽ ረዳት ሁሉ እሱን አስቀድሚ። ሪኤጀንት ሲያጥር ብዙ ተማሪ በመጀመሪያ የሚቀንሰው ኮንትሮሉን ነው። አንቺ ናሙና ቀንሺ እንጂ ኮንትሮል አትቀንሺ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሁኔታን መመዝገብ ነው። ኢንትሮን ለዘመናት ትርፍ ነገር ይመስል ነበር፤ በእርሾም ቢያወጡት ብዙ ጊዜ ምንም ለውጥ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የካናዳው የሸርብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንትሮኖችን አንድ በአንድ ከእርሾ ጂኖች አውጥተው ዘሮቹን አስራቧቸው። ምግብ በሞላበት ሾርባ ውስጥ ከሌሎቹ እኩል የነበሩት፣ ምግቡ ሲያልቅ ኢንትሮን ካላቸው ቀድመው ሞቱ። ኢንትሮኑ ለክፉ ቀን የሚያገለግል ኖሯል። እንግዲህ አስቢው፤ በጥጋብ ብቻ የጠየቀ ሰው «ጥቅም የለውም» ብሎ በሙሉ ልብ ይጽፍ ነበር፤ ሙከራውም ትክክል፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ይሆን ነበር። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ «እርሾው አደገ» ብለሽ ብቻ አትለፊ። በምን ምግብ፣ በስንት ዲግሪ፣ በስንተኛው ሰዓት፣ በምን ያህል ጥግግት እያለ እንደሰበሰብሽው ጻፊ።

በአገራችን ደግሞ ከፍታው ራሱ ሁኔታ ነው። አንዳንዱን ናሙና ደባርቅ ላይ አበቅላለሁ ብለሻል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ውሃ እዚያ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ባቄላ ቆላ ቶሎ በስሎ ደጋ ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ኦቶክሌቭሽም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። መጽሐፉ 15 ፓውንድ ግፊት 121 ዲግሪ ይሰጣል የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው። ደባርቅ ላይ የድሮው መርፌ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 116 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 ለመድረስ መርፌው ወደ 20 መጠጋት አለበት። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሙቀት የሚችሉ የባክቴሪያ ስፖሮች ሳህኑን ሲወርሩበት እጁን ወይም ረዳቱን ይወቅሳል። አንቺ መርፌውን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን እመኚ፤ መሣሪያው የሚችለውን የግፊት ጣሪያም ከቴክኒሻኑ ጠይቀሽ እወቂ። መመሪያው «በክፍል ሙቀት አስቀምጪ» ሲል እንዲሁ ነው፤ ያን የጻፈው ሰው ክፍል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ የደባርቅ ክፍል በኅዳር ሌሊት እንደዚያ አይደለም። ዲግሪውን ለክተሽ ጻፊ።

አር ኤን ኤ በባሕርዩ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። የሚበላው ኢንዛይም በጣትሽ ላይ፣ በአቧራው ውስጥ፣ በጠረጴዛው ላይ አለ። ጓንት በየጊዜው ቀይሪ፤ በር ከፍተሽበት፣ ስልክ አንሥተሽበት በነበረ ጓንት ቱቦ አትንኪ። መብራት የሚጠፋበት አገር ውስጥ እንዳለሽም አትርሺ። የወጣ አር ኤን ኤ በፍሪዘር ለወራት አከማቻለሁ ብለሽ አታቅጂ፤ አውጥተሽ በዚያው ሳምንት ወደ ዲኤንኤ ገልብጪው። እርሾዋ ራሷ ግን ጠንካራ ናት። በግሊሰሮል አድርገሽ በሁለት የተለያዩ ፍሪዘሮች አስቀምጫት፤ ከዚያም በላይ ንጹሕ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቀሽ በፎይል ብትጠቀልያት ያለ ፍሪዘር ለረጅም ጊዜ ትቆያለች፤ ተመራማሪዎች በፖስታ የሚላላኳትም እንደዚሁ አድርገው ነው።

ከጠላ ስለምታወጫት ዘር የምነግርሽ አለኝ። የኛ የገብስ ጠላ አንድ እርሾ ብቻውን የሚኖርበት ቤት አይደለም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ጥንስሱ በጌሾና በብቅል ይጀመራል፤ ድፍድፉ ከዚያ ይከተላል። በየደረጃው የእርሾና የባክቴሪያ ብዛትና ዓይነት ይለዋወጣል። ስለዚህ «ከጠላ ወሰድሁ» አይበቃም፤ ከጥንስሱ ነው ከድፍድፉ፣ በስንተኛው ቀን፣ ከየትኛው ጋን የሚለው ሁሉ ይጻፍ። ከአንድ ነጠላ ኮሎኒ ጀምሪ፤ ምን ዝርያ እንደሆነም በዲኤንኤ አረጋግጪ። መንገዱን የጠረጉልሽ አሉ። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በአገራችን የቦኩ ምግቦችና መጠጦች ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት የጠጅ ጥናት ለምሳሌ፣ በጠጁ ውስጥ ያሉት እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ከአንዱ ጠጅ ቤት ወደ ሌላው፣ በአንዱ ጠጅ ቤትም ከአንዱ ጥንስስ ወደ ሌላው እንደሚለያዩ ያሳያል። ያን ሳታነቢ ናሙና አትልቀሚ።

የአፍሪካ ጠላ ለዚህ ሳይንስ ባዕድ አይደለም። ሳይንቲስቶች አጥብቀው የሚያጠኗት ሌላዋ እርሾ፣ ስኪዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ፓውል ሊንድነር ከምሥራቅ አፍሪካ የእህል ጠላ ለይቶ ያወጣት ናት። ከሰረቪሴ ይልቅ ኢንትሮን የበዛባት ስለሆነች ለአንቺ ዘርፍ ትልቅ ባለውለታ ናት፤ በ2015 የቻይና ተመራማሪዎች የስፕላይሶሶምን ቅርጽ አጉልተው ያሳዩት ከእሷ አውጥተው ነው። ሊንድነር ስሙ ቀርቷል፤ የጠማቂዋ ስም በታሪኩ ውስጥ የለም። አንቺ ይህን አትድገሚው። ጠላ የሚጠምቁትን እናቶች ምን እንደምትሠሪ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ከፈቀዱ ስማቸውን በምስጋናው ገጽ ላይ ጻፊ። ናሙናው ከአገር ሊወጣ ከሆነ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ፈቃዱም የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው ከስንት ዓመት ክርክር በኋላ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ሳትይዢ ቱቦ አትላኪ።

ሰው ሁሉ «ይኸ ምን ይጠቅማል?» ይልሻል፤ በሠርግም በለቅሶም። አትቆጪ፤ ጥያቄው የሚገባ ነው፤ የምትማሪው በእነሱ ግብር ነው። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት የአር ኤን ኤ ጥናት ከዓመታት በኋላ ለኮቪድ ክትባት መንገድ ከፍቶ በ2023 ኖቤል አሸለማቸው፤ በዚያ ክትባት ውስጥ ያለው ኤምአርኤንኤ ቆብም የአዴኒን ጅራትም አለው፤ እነዚያን ያወቅናቸው ጥቅማቸውን ማንም ሳያውቅ ካጠኗቸው ሰዎች ነው። ከቅርባችን ደግሞ የፍኖተ ሰላሟን ሰገነት ቀለሙን እይ፤ በግጦሽ ሣር ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ረቂቅ ፍጥረታትን ማጥናት ብዙ ሰው የሚያስበው ሥራ አልነበረም፤ እሷ ግን በዚያው ሥራ በ2014 የሎሪያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አገኘች። ይሁንና ለሽማግሌዎቹ ክትባት እሠራለሁ ብለሽ አትዋሺ። «አንዲት ትንሽ ፍጥረት ሲበርዳት መልእክቷን እንዴት እንደምታስተካክል እያየሁ ነው፤ የኛም ሴል በዚያው ዓይነት መሣሪያ ይሠራል» በያቸው። ሰው እውነትን ሲሰማ ይገባዋል።

ጠባብ ጥያቄ ሩቅ አገር ብቻ የሚሠራ እንዳይመስልሽ፣ እዚሁ ዳባት ዩኒቨርሲቲሽ ያቋቋመውን የምርምር ማዕከል ተመልከች። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብለው ይመዘግባሉ። ጥያቄው ከዚህ በላይ ሊቀጥን አይችልም። ነገር ግን ሳይሰለቹ ስለመዘገቡት የስንት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንት ሐኪም ጥናት በዚያ መዝገብ ላይ ቆመ! ያንቺም ሥራ ከዚህ የተለየ መሆን የለበትም።

እንግዲህ ፕሮፖዛሉን እንደገና ጻፊው። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑር። በሁለተኛው ገጽ፣ የማገኘው መልስ ስሕተት ሊሆን የሚችለው በምን በምን ምክንያት ነው የሚለውን ዘርዝሪ፤ ከእያንዳንዱም ጎን የምትይዥበትን ኮንትሮል አስቀምጪ። ሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው ከረዘመ ለአማካሪሽ ስጪው፤ ካልረዘመ ገና አልተዘጋጀሽምና መልሰሽ ለእኔ ላኪው፤ አብረን እናስረዝመዋለን።

ዕውቀቱን ከጤናው ጋር ይስጥሽ።

አጎትሽ፣ ከዳባት